የዒድ መንገድና ታሪፉ

ዒድ ሲቃረብ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳና ራቤል የምንሄድ ተማሪዎች ከረዳት ጋር የምንጨቃጨቀው በታሪፍ ነው። ታሪፍ ግን ረዳቱ እንደ በዓሉ ድምቀት የሚቆርጠው አይደለም። በክልሉ ውስጥ ላለ ጉዞ የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ያወጣዋል፤ ኪሎ ሜትሩን፣ የመኪናውን ደረጃ፣ መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር መሆኑን ያያል። ጠጠር ጎማ ስለሚበላ በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ይበልጣል። ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ በለሚና በሙከጡሪ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና ግን ክልል ስለሚያቋርጥ ታሪፉ የፌዴራል ነው፤ የሚያወጣውም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ነው። ትርፍ ከተጠየቅን ታርጋውን ይዘን መናኸሪያው ስምሪት ዘንድ እንሂድ። ከመናኸሪያ ውጭ፣ አስፋልት ዳር ከተሳፈርን ግን መኪናው ስምሪት ስላልወሰደ አቤቱታችንን የሚያስረዳ መዝገብ አይገኝም።