ሁለት ጄኔሬተር ባንድ መስመር

መብራት ሲሄድ የሆሳዕና ድምፅ ይለወጣል። ከባንኩ ጓሮ ትልቁ ናፍጣ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ትንሿ ቤንዚን፣ ከሆቴሉ ደረጃ ሥር ኢንቨርተሩ በየፊናቸው ይነሳሉ። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም ነገሩ ያው ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ደግሞ ማሽኑ አንድ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የተገዛው አሮጌ ጄኔሬተር ከአዲሱ ጎን ቆሟል። አዲሱ ጭነት በዝቶበት ሲያቃስት አሮጌው ሸራ ለብሶ ይተኛል። ስለዚህ ባለቤቱ “ሁለቱን አገናኝተን ባንድ ላይ ብናሠራቸውስ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይቻላል። ችግሩ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጉልበት ለመደመር ብቻ መሆኑ ነው። ማሽኖችን የማጣመር ዋናው ጥቅም ግን መደመሩ ላይ አይደለም። ሌላው ሥራውን ሳያቋርጥ አንዱን በፈለጉት ሰዓት ማውጣት መቻሉ ላይ ነው። ይህን ሳያስብ የሚያጣምር ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለጨለማ ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል።

በመጀመሪያ “ይህን ሁሉ ግድብ ሠርተን ስለ ጄኔሬተር ማውራት ለምን አስፈለገ?” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሀድያ ምዕራባዊ ዳርቻ የግቤ ወንዝ ነው፤ በዚያው ተፋሰስ ላይ ግልገል ግቤ አንድ 184፣ ግቤ ሁለት 420፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግቤ ሦስት ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሲታከል የማመንጫው ነገር ብዙም አያሳስብም። ነገር ግን በከተሞቻችን መብራት የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የውኃ እጥረት አይደለም። ክረምት ላይ መስመር ላይ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የዘመመ ምሰሶ፣ ሰፈሩ ሲያድግ አብሮ ያላደገ ትራንስፎርመር ነው። ግድቡ ቢሞላም ባይሞላም የተበጠሰው ሽቦ እስኪቀጠል ሆስፒታሉ መብራት ይፈልጋል። ከግድቦቹ የምንማረው ነገር ግን አለ። ግቤ ሦስት አንድ ግዙፍ ማሽን አይደለም፤ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አሥር ማሽኖች ጎን ለጎን ተጣምረው ነው የሚሠሩት። አንዱ ለጥገና ሲቆም ዘጠኙ ይቀጥላሉ። የአገሪቱ መረብ ራሱ ከግቤ እስከ ዓባይ ያሉትን ማመንጫዎች በአንድ እርምጃ የሚያስኬድ ትልቅ ጥምረት ነው።

“በአንድ እርምጃ” የሚለው ቃል በቃል ይወሰድ። እኛ ዘንድ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ) ይመላለሳል። የተለመደው ባለ አራት ዋልታ ጄኔሬተር ይህን ለመስጠት በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይሽከረከራል። ሁለተኛው ማሽን ከመጀመሪያው ጋር ከመገናኘቱ በፊት አራት ነገር እኩል መሆን አለበት። ቮልቴጁ፣ የመመላለሻ ፍጥነቱ፣ የሦስቱ ፌዞች ቅደም ተከተልና ሞገዱ ከፍና ዝቅ የሚልበት ቅጽበት ናቸው። የድሮ ባለሙያዎች ይህን የሚያዩት በአምፖል ነበር፤ አሁንም በየኮሌጁ ቤተ ሙከራ የሚታይ ውብ ዘዴ ነው። ሁለቱን በሚያገናኘው፣ ገና ባልተዘጋው ብሬከር ላይ በእያንዳንዱ ፌዝ ወዲያና ወዲህ መካከል አምፖል ይታሰራል። በሁለቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ እስከ 440 ሊደርስ ስለሚችል ባለ 220ዎቹ አምፖሎች ሁለት ሁለት ሆነው በተከታታይ ነው የሚታሰሩት። ፍጥነቶቹ ሲቀራረቡ አምፖሎቹ ቀስ እያሉ አብረው ይደምቃሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። አብረው መሆናቸው ቀርቶ በተራ በተራ ከበሩ የፌዙ ቅደም ተከተል ተገላብጧል ማለት ነውና ሥራው ይቆማል። ትክክል ከሆነ ናፍጣው ትንሽ ከፍ ዝቅ እየተደረገ ብልጭታው እስኪዘገይ ይጠበቃል፤ ብሬከሩ የሚዘጋው በጨለማው እኩሌታ ላይ ነው። አምፖል ግን ቮልቴጁ ዜሮ ከመድረሱ አስቀድሞ ስለሚጠፋ ያለ ቮልት መለኪያ አይታመንም። ሞገዱ በተቃረነበት ቅጽበት የዘጋ ሰው ብሬከሩን ብቻ ቢያቃጥል እንደ ዕድል ይቆጠርለታል፤ የሞተሩና የዲናሞው መጋጠሚያ ሊጠመዘዝና ሊሰበር ይችላልና። ዛሬ ይህን ሁሉ በጥቂት ሰከንድ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለ።

ከተገናኙ በኋላ ጭነቱን ማን ምን ያህል ይሸከማል? ብዙ ሰው የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የተጣመረን ማሽን ናፍጣ ብትጨምርለት ፍጥነቱን ሳይሆን የሚሸከመውን ጭነት ነው የሚጨምረው፤ ከሌላው ጋር ታስሯልና ለብቻው መፍጠን አይችልም። ስለዚህ የሁለቱም ገቨርነር (ፍጥነት ተቆጣጣሪ) ጭነት ሲጨምር ፍጥነቱን በጥቂቱ እንዲለቅ ሆኖ ይስተካከላል፤ ለምሳሌ ባዶውን 52 ኸርዝ የነበረው ሙሉ ጭነት ላይ 50 ይሆናል። ሁለቱ በእኩል መጠን የሚለቁ ከሆነ ጭነቱንም እንደየአቅማቸው ይካፈላሉ። ካልሆነ አንዱ ከመጠን በላይ ይለፋል፣ ሌላው ይለግማል። ቮልቴጃቸው ካልተስማማ ደግሞ ለማንም የማይጠቅም ኮረንት በሁለቱ መካከል እየዞረ ሽቦውን ያሞቃል። ከሁሉ የከፋው ግን የአንደኛው ናፍጣ ሲያልቅ ነው። ማሽኑ በመቆም ፋንታ ከጓደኛው ኤሌክትሪክ እየወሰደ እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር ይሽከረከራል፤ ደህናው ማሽን ጭነቱን ትቶ የሞተውን ይጎትታል። ይህን አይቶ የሚያላቅቅ መከላከያ የሌለው ጥምረት ጥምረት ሊባል አይገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሽተኛ በቃሬዛ ሲወሰድ ሁለት ሰው ብቻ ከተሸከመና አንዱ ከተደናቀፈ በሽተኛው ይወድቃል፤ አራት ሆነው አንዱ ቢደናቀፍ ሦስቱ ያዝ ያደርጉታል። ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ማሽን ከመቶ ጊዜ አምስቴ አልነሳ ይላል እንበል። ጭነታችሁ የሁለቱን ሙሉ ጉልበት የሚፈልግ ከሆነ አንዱ ሲቀር ሌላው ከአቅም በላይ ተጭኖ ይወድቃል። እናም የምትጨልሙት ከመቶ ወደ አሥር ጊዜ ነው፤ አንድ ትልቅ ብትገዙ ከሚደርስባችሁ እጥፍ ማለት ነው። አንዱ ብቻውን አስፈላጊውን መሸከም ከቻለ ግን የምትጨልሙት ከአራት መቶ ጊዜ አንዴ ብቻ ይሆናል። ማሽኖቹ ያው ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ጭነቱ ነው። ይህ ስሌት ግን ሁለቱ በየራሳቸው ምክንያት ሲበላሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ውኃ የገባበት የጀሪካን ናፍጣ ከአንድ ታንከር ለሁለቱም ከተቀዳ ሁለቱም ባንድ ላይ ይቆማሉ። ታንከራቸውም የማስነሻ ባትሪያቸውም የተለያየ ይሁን።

በሆሳዕና ያለውን የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያን የመሰለ ሆስፒታል ብንወስድ፣ ወይም የዱራሜውን፣ እንዲህ ባለ ቦታ ሁሉም ጭነት እኩል ክብደት የለውም። ኦፕራሲዮን ክፍሉ፣ ወላድ ክፍሉ፣ የጨቅላዎች ማሞቂያው፣ ኦክስጅኑና የደም ማቀዝቀዣው ለአፍታም መቋረጥ የለባቸውም። ልብስ ማጠቢያው፣ የወጥ ቤቱ ምድጃና የቢሮዎቹ ማሞቂያ ግን ሰዓት ሊጠብቁ ይችላሉ። ሽቦው ገና ሲዘረጋ እነዚህ በሁለት ቦርድ ከተለዩ መቆጣጠሪያው አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሁለተኛውን ቦርድ ወዲያው ይጥለዋል፤ የቀረው ማሽን የመጀመሪያውን ይዞ ይቀጥላል። ከውድ መሣሪያ ይልቅ ይህ የቦርድ ክፍፍል ነው የሚያድነው።

“አንድ ትልቅ መግዛት ይረክሳል፣ አያስቸግርም” የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በኪሎ ዋት ሲሰላ ትልቁ በእርግጥ ይረክሳል። ነገር ግን የቀኑን ከፍተኛ ጭነት እንዲችል የተገዛ ማሽን ሌሊት በጥቂት አምፖሎችና ማቀዝቀዣዎች ሲሠራ ከአቅሙ ሩቡንም አይሸከምም። ናፍጣ ሞተር ከ30 በመቶ በታች ለረጅም ጊዜ ሲሠራ በወጉ አይሞቅም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥላሸት ጭስ ማውጫው ውስጥ ይከማቻል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የነዳጁ ቁጠባ ሻጮች እንደሚሉት ብዙ ላይሆን ይችላል፤ የሞተሩ ዕድሜ ግን ራሱን የቻለ ሒሳብ ነው። ከፍታውንም ማሰብ ይገባል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ሰሌዳው ላይ 200 ኬቪኤ የሚለው እዚህ ከአንድ አምስተኛ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ትልቁም ትንሹም ሲገዛ ይህ ይታሰብ።

ሌላው ተቃውሞ “መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?” የሚል ነው። በዚህ ላይ ተቃዋሚው እውነቱን ነው፤ ለዚህም ነው ሁሉም ሰው ያጣምር የማልለው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶችን ያስተምራል፤ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ እነሱን ቀጥሮ ማሰልጠን ይችላል። ሳጥኑ ቢሞትም በእጅ ወደ አንድ ማሽን የሚመልስ መቀየሪያ መቅረት የለበትም። መጠናቸውና ሥሪታቸው የተለያየ ሁለት ማሽኖች ያሉት ሆቴል ግን አያጣምራቸው። ሕንፃውን ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይስጠው፤ በርካሽ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የከተማው መስመርና ጄኔሬተሩ ባንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚከለክል ቼንጅ ኦቨር ግዴታ ነው። ያለሱ የጄኔሬተራችሁ 380 ቮልት በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ 15,000 ቮልት ሆኖ ምሰሶ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ደግሞ መብራት ጠፍቷል ብሎ ሽቦ የያዘ ሠራተኛ አለ።

ኢንቨርተር ላይ ነገሩ ይበልጥ ጠባብ ነው። በመገናኛ ገመድ እየተነጋገሩ እንዲጣመሩ ተደርገው የተሠሩ ሞዴሎች አሉ፤ ከእነዚያ ውጭ ያሉ የሁለት ኢንቨርተሮችን መውጫ ማገናኘት ወዲያው ማቃጠል ነው። የኢንቨርተሩን ባትሪዎች ጎን ለጎን ማሰር ግን ይቻላል፤ ዓይነታቸው፣ መጠናቸውና ዕድሜያቸው አንድ እስከሆነ ድረስ። ፖዘቲቩ ከመጀመሪያው ባትሪ፣ ነጌቲቩ ከመጨረሻው ቢወሰድ ሁሉም በተቀራራቢ መጠን ይሠራሉ። ከአዲሶች መካከል አንድ አሮጌ ማስገባት ግን አዲሶቹን ያስረጃል።

ሁለት ጄኔሬተር አጣምሮ ለመግዛት የወሰነ ተቋም ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቀው። እውነተኛው ጭነት በርቶ ሳለ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የአንደኛው ማሽን የናፍጣ ቧንቧ ይዘጋ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ መብራት ከጠፋ ፊርማው ይቆይ።