ኢጃዛው የማን ነው? ከደርብ ወደ ፈረሳን ደሴቶች ከቤተሰብ ጋር ለምትጓዙ እህቶች

ማዳም ስልኳን እያየች «ፈረሳን እንሄዳለን» ያለች ዕለት በቤቱ ውስጥ ሁሉም የየራሱን መሮጥ ይጀምራል። ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ባባ የመርከብ ቦታ ይፈልጋል፣ እናንተ ደግሞ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ታወርዳላችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በዒድ ሰሞን፣ ወይም የጂዛን ሙቀት ጋብ በሚልባቸው የክረምት ወራት ይህ ወሬ በደርብ፣ በበይሽና በሰብያ ብዙ ቤት ይገባል። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ሻንጣ ለምታወርደው እህት ነው። ደሴቶቹ ምን እንደሆኑ፣ ጉዞው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ፈረሳን አንድ ደሴት አይደለም። ከጂዛን ከተማ በስተምዕራብ ቀይ ባሕር ውስጥ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የተበተኑ ከመቶ በላይ ትልልቅና ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ሰው በብዛት የሚኖረውና ሆቴልና ሱቅ ያለው በትልቋ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ሰጊድ ከትልቋ ጋር በድልድይ ተገናኝታለች፣ ቁማሕ የምትባል ሦስተኛም አለች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረሳንን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቷታል፤ ከሳዑዲ አረቢያ የመጀመሪያዋ ናት። የራሷ ዓይነት ሚዳቋ አላት። በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል የማንግሮቭ ደን አላት፤ ሰዎቹ «ቀንደል» ይሉታል። በባሕሩ ማዶ ደግሞ የኛው ሰፈር ነው። ከፈረሳን ወደ ምዕራብ ቀይ ባሕርን ብትሻገሩ ከምፅዋ ፊት ለፊት ያሉትን የዳህላክ ደሴቶች ታገኛላችሁ። ሁለቱ በአንድ ባሕር ግራና ቀኝ የተቀመጡ ጎረቤቶች ናቸው፣ ድንጋያቸውም የዚያው የኮራል ድንጋይ ነው።

ከደርብ የሚነሳ ቤተሰብ በባሕር ዳርቻው መንገድ በበይሽና በሰብያ አድርጎ ወደ ጂዛን ወደብ ይወርዳል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። (ደርብ በዐረብኛ «መንገድ» ማለት ነው። ከጅዳ የሚመጣው የባሕር ዳር መንገድና ወደ አብሃ ተራራ የሚወጣው የሚገናኙበት ከተማ ስለሆነ ስሙ ይስማማዋል።) ከወደቡ መንግሥት ያቆመው መርከብ፣ ሰዎቹ «ዓባራ» የሚሉት፣ ሰውንም መኪናንም ጭኖ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ያደርሳል። ይህ መርከብ ለዓመታት ሰውን ያለ ክፍያ ሲያመላልስ ኖሯል። ቦታው ግን ቀድሞ መያዝ አለበት፣ በዒድ ሰሞን ደግሞ ቶሎ ይሞላል።

የጠዋቱን መርከብ ለመድረስ ከደርብ የሚነሳ ቤተሰብ ከፈጅር በፊት መኪና ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ምግቡም ልብሱም የሚሰናዳው ማታ ነው፣ ልጆቹም በእንቅልፍ ልባቸው የሚለብሱት በእናንተ እጅ ነው። የጉዞው ቀን የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው ደሴቱ ላይ ስትደርሱ አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስታችሁ ከሆነ ያን ዕለት ማታ ልጆቹን ስታስተኙ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስሉት። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀኑን ሥራ ከ10 ሰዓት አያሳልፍም፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍትም ይሰጣል። ይህ ደንብ የሚሠራው ቤት ውስጥ ብቻ ነው የሚል ነገር የለም። ባሕር ዳር ላይ የተዘረጋ ድንኳንም የሥራ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዐረብኛ «ኢጃዛ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይገባል። ቤተሰቡ ሥራና ትምህርት ፈትቶ ሲዝናና ኢጃዛ ነው። በውላችሁ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ውላችሁን ስታድሱ የሚሰጣችሁ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የአንድ ወር ዕረፍትም ኢጃዛ ነው። በትርጉም ሥራዬ ከማያቸው ክርክሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚህች አንዲት ቃል ነው። አንድ ጊዜ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ተቀምጬ ስተረጉም፣ አሠሪዋ «ኢጃዛዋን ወስዳለች፣ ፈረሳን አራት ቀን፣ አብሃ አንድ ሳምንት ወስጃታለሁ» አለች። ልጅቷ ደግሞ በአብሃውም በፈረሳኑም ሦስት ልጆች ስትጠብቅ፣ ስታበስልና ስታጥብ ነበር። ሁለቱም አልዋሹም፤ አንዷ የቤተሰቡን ኢጃዛ፣ ሌላዋ የውሉን ኢጃዛ ነበር የምትናገረው። ከአሠሪዎች ጋር ሄዳችሁ ልጅ የያዛችሁበት፣ ሳህን ያጠባችሁበት ቀን ሥራ ነው፤ ከወር ዕረፍታችሁም ከደመወዛችሁም አይቀነስም። ይህን ከጉዞው በፊት በፈገግታ መናገር ከሁለት ዓመት በኋላ ከመከራከር ይቀላል።

ስለዚህ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት የምትጠይቋቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። በዐረብኛ እንዲህ በሏቸው፦ «ከም የውም?» ስንት ቀን ነው? «መታ ነርጀዕ?» መቼ እንመለሳለን? «ዌን አናም?» የት ነው የምተኛው? «የውም አር-ራሓ መታ?» የዕረፍት ቀኔ መቼ ይሆናል? ሦስተኛው ጥያቄ አሳፋሪ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ግን በጣም አስፈላጊው እሱ ነው። ቤተሰቡ አንድ ክፍል ወይም አንድ የእንግዳ ቤት ሲከራይ የሠራተኛዋ አልጋ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከደረሱ በኋላ በር የማይዘጋበት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል። ከዘመድ ጋር የሚሄድ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ከማታውቋቸው ወንዶች ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ልታድሩ ነው። ከሴት ልጆቹ ጋር፣ በር በሚዘጋበት ክፍል ማደር እንደምትፈልጉ ደርብ ሳላችሁ ተናገሩ። ብዙ ማዳሞች ይህን ሲሰሙ ይረዳሉ፤ ቀድሞ ያልታሰበ ነገር ስለሆነ እንጂ በክፋት አይደለም።

የጂዛን ሰው ሲናገር ትምህርት ቤት ወይም በቴሌቪዥን የምትሰሙት ዐረብኛ አይመስላችሁም። በተሃማ ቆላ «አል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «አም» ይሆናል። «አል-በሕር» ሳይሆን «አም-በሕር»፣ «አል-በይት» ሳይሆን «አም-በይት»። አያትየዋ «አም-በሕር» ስትል የተሳሳታችሁ እናንተ አይደላችሁም፣ እሷም አይደለችም። ጥንታዊ የዐረብኛ አነጋገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመጽሐፍ ያነበብነውን እናንተ ወጥ ቤት ውስጥ በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።

ወረቀት። ለመርከቡ የሚያስፈልገው ኢቃማ ነው፣ ቦታ የሚያዘውም በኢቃማ ቁጥር ነው። ጊዜው እንዳላለፈ አይታችሁ ያዙት፣ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ፓስፖርታችሁን አሠሪ ይዞ ማስቀመጥ በደንቡ ክልክል መሆኑንም እግረ መንገዳችሁን ዕወቁ። ኢቃማ የሌላችሁ እህቶች፣ በደቡቡ ጠረፍ ብዙ እንዳላችሁ እናውቃለን፣ «በዓሣ አጥማጅ ጀልባ እናሻግርሻለን» የሚል ሰው ካለ እሺ አትበሉ። እነዚህ ውኃዎች የድንበር ጠባቂ የሚቃኛቸው ናቸው፤ ጀልባው ቢያዝ እናንተ የምትገቡበት ጣጣና እነሱ የሚገቡበት አንድ አይደለም።

ፈረሳን ደርሳችሁ የሚበዛው ሥራ ባሕር ዳር ነው። ልጆቹ ውኃ ውስጥ፣ ትልልቆቹ ጥላ ሥር፣ እናንተ ደግሞ በአባያና በጫማ አሸዋው ላይ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፦ መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ልጅ ከውኃ ውስጥ የመጠበቅ ኃላፊነት አትቀበሉ። ሀገር ቤት ወንዝ ዳር ብናድግም አብዛኞቻችን መዋኘት አንችልም። የማይዋኝ ሰው የሚሰምጥ ልጅን ለማዳን ሲገባ ሁለት ሰው ይሰምጣል። «ማ አዕሪፍ አስባሕ» በሉ፣ መዋኘት አልችልም ማለት ነው። ልጁ መንሳፈፊያ ጃኬት («ሱትረት ነጃ») ይልበስ፣ እናንተ ከጉልበት በላይ አትግቡ፣ ውኃ ውስጥ የሚጠብቅ የሚዋኝ ትልቅ ሰው ይኑር። ከኮራሉ ላይ በባዶ እግር አትሂዱ፤ ይቆርጣል፣ የባሕር እሾህም አለ። የድንበር ጠባቂው የባሕር አደጋ ስልክ 994 ነው፣ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997። ሁለቱንም ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። መርከብ ላይ የሚያቅለሸልሻችሁ ካለ ደግሞ መሐል ላይ ተቀመጡ፣ ስልክ አትዩ፣ ሩቅ አድማሱን ተመልከቱ። ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ አትሳፈሩ።

ጊዜ ካገኛችሁ ግን ደሴቱን እዩ። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ፈረሳን የዕንቁ ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ሀብታሞቹ ዕንቁውን እስከ ህንድ ይሸጡ ነበር፤ የአር-ሪፋዒ ቤት የሚባለው በጂብስ ቅርጽ የተጌጠው ቤትና የነጅዲ መስጊድ የዚያ ዘመን ናቸው። ሰው ሠራሽ ዕንቁ ከጃፓን ሲመጣ ያ ሀብት አለቀ። ከዚያ በፊት፣ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት፣ የሮማ ወታደሮች እዚህ ሰፍረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ144 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት የላቲን ጽሑፍ ደሴቱ ላይ ተገኝቷል። አል-ቀሳር የሚባል በድንጋይና በዘንባባ የተሠራ አሮጌ መንደርም አለ። የፈረሳን ሰዎች ራሳቸው በቴምር መድረሻ ወራት ግመል ጭነው ወደዚያ መንደር ይወርዱ ነበር፣ ጥላና ጣፋጭ ውኃ ፍለጋ። የቤተሰብ ዕረፍት ለደሴቱ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

በፀደይ ወራት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ አካባቢ፣ የምትሄዱ ከሆነ የሐሪድ በዓል ይገጥማችኋል። ሐሪድ አፉ እንደ በቀቀን መንቆር የሆነ ዓሣ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ በመንጋ ሆኖ ወደ ሐሲስ ባሕር ዳርቻ ይጠጋል። ሰዉ መረብ ይዞ በአንድ ላይ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ጩኸቱ ሠርግ ይመስላል። ቅርፊቱ ትልልቅና ጠንካራ ነው፤ ማን እንደሚያጸዳው ደግሞ እናንተም እኔም እናውቃለን። ቢላችሁ የተሳለ ይሁን፣ ጓንትም ያዙ።

ሁሉም ግን አይሄድም። ቤተሰቡ ሲሄድ ቤት የምትቀሩ እህቶች አላችሁ፣ የናንተ ነገር ከሄዱት የበለጠ ያሳስበኛል። «ቤቱን ጠብቂ» ተብላችሁ በሩ ከውጭ ተቆልፎ የሚኬድ ከሆነ አትቀበሉ። እሳት ቢነሳ፣ ኤሌክትሪክ ቢቃጠል፣ ብትታመሙ በየት ትወጣላችሁ? ቁልፉ እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ስልካችሁ ካርድ ይኑረው፣ ለቀኖቹ የሚበቃ ምግብ ወይም የምትገዙበት ገንዘብ ይቀመጥ። ማዳም «ቁልፍ አልሰጥም፣ እፈራለሁ» ካለች ልትፈራ መብቷ ነው፤ ግን ያኔ ይዛችሁ ትሂድ ወይም ከእናቷ ቤት ታሳድራችሁ።

እናቷ ቤት ስል ግን ጥንቃቄ አለበት። በኢጃዛ ሰሞን ከሚሰሙት ቅሬታዎች ዋናው ይህ ነው፦ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ ሠራተኛዋ ለአራት ቀን ለማዳም እህት ትሰጣለች፣ እዚያ ደግሞ ስምንት ልጅና የሳምንት ልብስ ይጠብቃታል። ማደር ሌላ ነው፣ መሥራት ሌላ ነው። ደንቡ ሠራተኛን ከውሏ ውጭ ለሌላ ሰው ማሠራትን ይከለክላል። በእንግድነት አድራችሁ ራሳችሁን ብትረዱ፣ ሻይ ብታፈሉ ሰው ናችሁና ምንም አይደለም። ሙሉ ቤት ተሰጥቷችሁ ከሆነ ግን ቀኑንና ሥራውን ጻፉት፣ ለማዳም በዋትስአፕ በጨዋ ቋንቋ ንገሯት፤ የተጻፈ መልእክት ቀን አለው፣ አይካድም። ካልተስተካከለ የሰው ኃይል ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው። በጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላም የዜጎችን ጉዳይ ይቀበላል።

የመመለሻው ቀንም አለ። መርከቡ ጂዛን ሲደርስ፣ መኪናው እንደገና በሰብያ በበይሽ አድርጎ ደርብ ሲገባ መሽቷል፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ አራት ሻንጣ አሸዋና ጨው የነካው ልብስ አለ። ጨው የነካ ልብስ ሌሊቱን በንጹሕ ውኃ ተዘፍዝፎ ቢያድር ይበቃዋል፣ ማጠቢያው ጠዋት ይደርሳል። መኪና ውስጥ ሳላችሁ፣ ማዳም ገና ፎቶዎቹን እያየች ደስ ብሏት ሳለ፣ ያለፈችውን የዕረፍት ቀናችሁን የምትጠይቁበት ሰዓት ያ ነው፦ «ማዳም፣ ቡክራ ራሓቲ፣ ጠይብ?»