ጉበትን በመርፌ ማስወጋት ያስፈልጋልን?

በጉንደ ወይን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ሄፓታይተስ ሲ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ጉበትን ለዓመታት በስውር ይጎዳል።

ታዲያ ይህ በሽታ በደሙ የተገኘበት ሰው «ከጉበትህ ቅንጣት በመርፌ ወጥቶ ይመርመር» ቢባል ምን ይመልስ? ቀድሞ የጉዳቱ መጠን የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ነበር። ሆኖም የሚወጣው ከጉበቱ 50,000 እጅ አንዱን ያህል ስለ ሆነ ሊያሳስት ይችላል፤ አልፎ አልፎም ደም ያፈስሳል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ አቅም ባነሰበት አገር ጉዳቱ ከተራ የደም ምርመራ እንዲሰላ መክሯል። ዛሬ የሚዋጠው መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ ከ100 ሕመምተኞች 95 ያህሉን ይፈውሳል።

እንግዲህ ሕመምተኛው ሐኪሙን «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጣልን?» ብሎ ይጠይቅ። ሌላ የጉበት በሽታ ከተጠረጠረ መርፌው ሊያስፈልግ ይችላል፤ መርፌ ፈርቶ ከሕክምና መቅረት ግን አይገባም።