የመረጃ ቋት ጥበቃ፦ የይለፍ ቃል ብቻ ይበቃልን?

እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ በባሌና በአርሲ የተነሣው የግንድ ዋግ፣ ገበሬው በሰፊው ይዘራው የነበረውን ዲገሉ የተሰኘ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎድቷል። በአሰላ አቅራቢያ እንዳለው ቁሉምሳ ባሉ የግብርና ምርምር ማዕከላት፣ አንድ ዝርያ ዋግን መቋቋሙ የሚታወቀው ከሙከራ ማሳ በሚመዘገቡ ቁጥሮች ነው። የበሽታውን መጠን 60 በመቶ ብሎ ከያዘው ቁጥር ዜሮው ቢጠፋ 6 ይቀራል፤ የሚጠቃው ዝርያም የሚቋቋም መስሎ ይታያል። ስለዚህ መዝገቡን ማን ያነባል፣ ማንስ ይለውጣል የሚለው ጥያቄ እስከ ገበሬው ማሳ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ መዝገብ በማይክሮሶፍት አክሰስ ተዘጋጅቶ በአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ተቀምጧል እንበል። ጥበቃውን በሦስት ከፍለን እንመልከት።

የይለፍ ቃል የግቢ በር ቁልፍ ነው፤ የገባው ሰው ምን እንደሚሠራ አይወስንም።

ምስጠራ ፋይሉ በፍላሽ ተቀድቶ ቢወሰድ እንኳ ይዘቱ እንዳይነበብ ያደርጋል። እስከ 2003 እትም በነበሩት የኤምዲቢ ፋይሎች የይለፍ ቃሉ በደካማ ዘዴ ተሸሽጎ በዚያው ፋይል ይቀመጥ ስለነበር በቀላሉ ይገለጥ ነበር። ከ2007 እትም ጋር በመጣው ኤሲሲዲቢ ግን የይለፍ ቃል ሲሰጥ ይዘቱም አብሮ ይመሰጠራል።

የተጠቃሚ ፈቃድ ለእያንዳንዱ ሰው የማንበብ፣ የመጨመር፣ የማረምና የመሰረዝ መብትን ለይቶ ይሰጣል። ይህ በኤምዲቢ ይቻል ነበር፤ ሆኖም «አድሚን» የተባለው ተጠቃሚ በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ መብቱ ካልተነሣበት በሌላ ኮምፒውተር ያለ ሰው ሁሉ ፋይሉን ይከፍት ነበር። ኤሲሲዲቢ ደግሞ ይህን አሠራር ጭራሽ አስቀርቶታል። የይለፍ ቃሉን ያወቀ ሁሉ መላውን ሠንጠረዥ ሊሰርዝ ይችላል ማለት ነው። ቅጾችንና ምናሌዎችን መደበቅም እውነተኛ ጥበቃ አይሆንም።

መፍትሔው ሠንጠረዦቹን እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨር ወዳለ የመረጃ ቋት ማዛወርና አክሰስን ለመሙያ ቅጽነት ብቻ ማስቀረት ነው። በዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ስምና የይለፍ ቃል እንሰጣለን፤ መዝጋቢው ይጨምራል፣ ተመራማሪው ያነባል፣ የሚያርመው ኃላፊው ብቻ ይሆናል። መጠባበቂያ ቅጂውንም በሌላ ቦታ ቆልፈን እናኖራለን።

ፈቃድ የመዝጋቢውን የመጀመሪያ ስሕተት አይከላከልም፤ ለዚህ ከማሳው ደብተር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። አንዴ የተመሳከረውን ቁጥር ግን ማንም እንዳሻው እንዳይነካው ይጠብቃል።