የስፓኒሽ ድርሻ በሁለት ቋንቋ መዋዕለ ሕፃናት

በአሜሪካ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቤታቸው ስፓኒሽ ይናገራሉ። ይህን ያህል ተናጋሪ ያለው ቋንቋ አናሳ የሚባለው በእንግሊዝኛ ፊት ባለው ደረጃ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅም ደረጃውን ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል። እንግሊዝኛ ከቴሌቪዥኑም፣ ከመንገዱም፣ ከጓደኛም ይመጣል። በሁለት ቋንቋ መዋዕለ ሕፃናት ከባዱ ሥራ ስፓኒሽን ማቆየት ነው።

በሕዝብ ትምህርት ቤት የዘመናዊው የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሙከራ የተጀመረው በማያሚ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በኮራል ዌይ ትምህርት ቤት ከኩባ የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆችና የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ልጆች የቀኑን ግማሽ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ቋንቋ መማር ጀመሩ። በ1968 የፌዴራሉ መንግሥት የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ አወጣ። ካሊፎርኒያ በ1998 በሕዝበ ውሳኔ ትምህርት ቤቶቿን በአብዛኛው ወደ እንግሊዝኛ ብቻ መለሰች፤ በ2016 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ ሻረችው። በዚያው ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ሕፃናት የሚያስተምረው የፌዴራሉ ፕሮግራም ሄድ ስታርት አዲስ መመሪያ አውጥቶ የልጁን የቤት ቋንቋ መደገፍን ግዴታ አደረገ።

ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና በሕፃንነታቸው በእንግሊዝኛ ብቻ መማር የጀመሩ ልጆች የቤታቸውን ቋንቋ እየተዉ እንደሚሄዱ፣ ወላጅና ልጅም መግባባት እንደሚሳናቸው አሳይተዋል። «በቤትም እንግሊዝኛ አናግሩት» የሚለው ምክር በቅንነት ይሰጣል፤ ግን እናት በማትደፍረው ቋንቋ ልጇን እንድታሳድግ ያስገድዳታል፤ ተረቱም፣ ምክሩም፣ ቁጣው ሳይቀር ይሳሳል። ስቲቨን ባርኔትና ባልደረቦቻቸው በ2007 ያሳተሙት ንጽጽር ደግሞ የሁለት ቋንቋ ክፍል ልጆች በስፓኒሽ ሲልቁ በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ እንዳልቀሩ አሳይቷል።

ጊዜ የሚከፈለው በሁለት ዋና መንገዶች ነው፦ 50 በ50፣ ወይም ስፓኒሽ በ90 በመቶ ጀምሮ ከክፍል ወደ ክፍል የሚቀንስበት 90 በ10። እኩል ክፍፍል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሆኖም በአንድ ጨዋታ ስፓኒሽ የማያውቅ አንድ ልጅ ከገባ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። የስፓኒሹ ሰዓት በወረቀት ላይ ይቀራል። ይህን የሚመክተው የመምህሯ ጽናት ነው። ልጁ ውሻ አይቶ «ዶግ!» ሲል ሳትቆጣ «ሲ፣ ኡን ፔሮ ግራንዴ» (አዎ፣ ትልቅ ውሻ) ብላ ቃሉን አስፍታ ትመልስለታለች። የምትናገርበት ጉዳይም ይመዝናል። ስፓኒሽ «ተቀመጡ»፣ «እጃችሁን ታጠቡ» ለማለት ብቻ ከዋለ፣ የዘር መብቀልና የጥላ መርዘም ግን በእንግሊዝኛ ከተነገሩ፣ ልጁ ዕውቀት የማን እንደሆነ ይደመድማል።

ንባብ ለስፓኒሽ ያደላል። አምስት ብቻ የሆኑት አናባቢዎቹ ድምፃቸውን አይለዋውጡም፤ ልጆች «ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ» እያሉ ሲቆጥሩ ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ዜማውን ሳይለየው አይቀርም። ቃልን በድምፅ መክፈልን በስፓኒሽ የለመደ ልጅ ችሎታውን ወደ እንግሊዝኛ ይዞት ይሄዳል።

ቋንቋዎቹን በግድግዳ ይለዩ ወይስ ይቀላቀሉ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። የቋንቋ ትምህርት ምሁሯ ኦፌሊያ ጋርሲያ ልጁ ያለውን ቋንቋ ሁሉ አንድ ላይ እንዲጠቀም መፍቀድን ያስተምራሉ፤ ሐሳቡ የተወለደው በዌልስ ነው። ልጅን በመቀላቀሉ ማሳፈር ጎጂ መሆኑ አያጠራጥርም። ለስፓኒሽ የተከለለ ሰዓት ከሌለ ግን መቀላቀሉ ወደ እንግሊዝኛ ማዘንበሉ አይቀርም።

ከሁሉ የሚከብደው የመምህራን ጉዳይ ነው። በብዙ ክፍሎች ዋናዋ መምህርት እንግሊዝኛ፣ አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈላት ረዳቷ ስፓኒሽ ትናገራለች፤ ልጆችም ማን ማንን እንደሚያዝ ያያሉ። ስፓኒሽን ከቤቷ ያገኘች መምህርትም ብትሆን በቋንቋው ካልተማረች ስለ ትነት ወይም ስለ ስበት ለማስረዳት ቃል ያጥራታል።

ጓዳሉፔ ቫልዴስ በ1997 ሌላ ስጋት አንስተዋል፦ ባለ ሁለት ቋንቋው ክፍል ከስደተኛው ልጅ ይልቅ የእንግሊዝኛ ተናጋሪውን እንዳይጠቅም። ክፍሎቹ ዝና ሲያገኙ የደህና ኑሮ ወላጆች ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ በርካታ ፕሮግራሞች ከመቀመጫው ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን፣ አንዳንዶቹም ግማሹን ስፓኒሽ ለሚነገርባቸው ቤተሰቦች ልጆች ይይዛሉ።