ዓለም ሲከፋ የጨለመ ልብ ወለድ የሚነበበው ለምንድን ነው?

ዜናው ራሱ ልብ በሚያደክምበት ጊዜ፣ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ከዜናው የባሰ የጨለመ መጽሐፍ ይገዛል። ለምን? ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ የምናየው ይህንን ነው።

«ዲስቶፒያ» የሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት፣ ሥርዓቱ ሰውን እስከ ቤቱና እስከ ሐሳቡ ድረስ የሚቆጣጠርበትን ምናባዊ ዓለም ያሳያል። በጣም የታወቀው በእንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ተጽፎ በ1949 የታተመው «1984» ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እዚያ ያለው ገዢ ፓርቲ የትናንቱን ጋዜጣ እየቀየረ እንደገና ያትማል። ሰው የተቃውሞ ሐሳብ እንኳ እንዳይመጣለት ከቋንቋው ላይ ቃላት ይቀንሳል።

ልብ በሉ፣ ይሄ መጽሐፍ ገበያው የሚደራው ሰው ሲመቸው አይደለም። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካ መንግሥት የሚያካሂደውን የስልክና የኢንተርኔት ክትትል ሲያጋልጥ ፈላጊው በዛ። በጥር 2017 ደግሞ የፕሬዚዳንት ትራምፕ አማካሪ ኬሊያን ኮንዌይ በቴሌቪዥን «አማራጭ እውነታዎች» ሲሉ ከተሰሙ በኋላ በአማዞን ሽያጭ አንደኛ ወጣ። ከታተመ ከ67 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ታዲያ አንባቢው ምን ፈልጎ ነው? ለመፍራት አይመስለንም፤ ፍርሃቱማ ቀድሞም አለ። የሚፈልገው ለፍርሃቱ ስም ነው። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ እየተሰማችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ካላወቃችሁ፣ ችግሩ የእናንተ ብቻ ይመስላችኋል። «ታላቅ ወንድም ያይሃል» የሚለውን አነጋገር ዛሬ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ፈጠራው ያን ያህል ፈጠራ አለመሆኑ ነው። ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትዉድ በ1985 የወጣውን «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» ሲጽፉ፣ በሰው ልጅ ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ያልተፈጸመ ነገር ላለማስገባት ወስነው ነበር። ስለዚህ አንባቢው የሚያገኘው ከየቦታው የተሰበሰበ እውነት ነው።

ሦስተኛው፣ በቀጥታ መናገር ሲከለከል ልብ ወለድ አፍ ይሆናል። በ2014 በታይላንድ ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ፣ ተቃዋሚዎች አደባባይ ላይ ቁጭ ብለው «1984»ን ማንበብ ጀመሩ። ከ«ዘ ሃንገር ጌምስ» የተወሰደውን የሦስት ጣት ሰላምታ በማሳየታቸው የተያዙም ነበሩ። ይኸው ምልክት በ2021 ምያንማር ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥቱ ተቃዋሚዎች እጅ ታየ። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይሄ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ ልብ ወለድ፣ ወርቁ ተቃውሞ ነው።

እርግጥ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የማንወደውን ነገር ሁሉ «1984 ሆነ እኮ» ካልን ቃሉ ይረክሳል፣ እውነተኛው ሲመጣም የሚሰማን አይኖርም። መጽሐፍ ብቻውንም ማንንም ነፃ አያወጣም።

ግን አንድ ነገር አለ። የ«1984» ዋና ገጸ ባሕሪ ዊንስተን ስሚዝ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥለው፣ ግድግዳው ላይ ካለው መከታተያ ስክሪን ዞር ብሎ የግል ሐሳቡን ደብተር ላይ በመጻፍ ነው። እኛ መጽሐፉን ይዘን ብቻችንን ስናስብ፣ እሱ የተከለከለውን ነገር እያደረግን ነው። የጨለመ መጽሐፍ ጨርሰን ቀለል የሚለንም ለዚህ ይመስለናል።

እናንተስ? የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አንብባችሁ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ያላችሁበት ጊዜ አለ?