ባዕዱ ፊልም ሲቀርብ፣ የራስ ሲርቅ

የሱዳኗ ካርቱም የህንድ ፊልም ወዳድ ከተማ ነበረች። ቋንቋውን የማያውቀው ተመልካች ታሪኩን የሚከተለው ከምስሉ ግርጌ በሚያልፈው የዐረብኛ ትርጉም ነው። ጽሑፉ ለሚሰማ ሰው ታስቦ ቢዘጋጅም፣ ፊደል የቆጠረ መስማት የተሳነው ሰውም ይጠቀምበታል። ተዋንያኑ በዐረብኛ ሲናገሩ ግን ጽሑፉ ይቀራል፤ ባዕዱ ፊልም ሲቀርበው የራሱ ይርቀዋል።

ድምፅ አልባ ፊልም እንዲህ አይለይም ነበር። ንግግሩ በትዕይንቶቹ መሃል ተጽፎ ስለሚመጣ ሁሉም እኩል ያነባል። እ.ኤ.አ. በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ከታየ በኋላ ድምፅ ያለው ፊልም ገበያውን ሲይዝ ጽሑፉ ቀረ። መስማት የተሳነው ተዋናይ ኤመርሰን ሮሜሮ በ1947 የፊልም ጥቅል እየቆረጠ ጽሑፍ ይቀጥልበት ጀመር።

ዛሬ መስማት ለተሳናቸው የሚዘጋጀው ጽሑፍ ከንግግሩ በተጨማሪ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የበሩን መንኳኳት፣ ከሩቅ የተተኮሰውን ጥይትና የሙዚቃውን ስሜት ይነግራል። «ክፍት» የሚባለው ለሁሉም በሸራው ላይ ይታያል። «ዝግ» የሚባለውን ግን የሚያየው የፈለገው ብቻ ነው፤ ወንበሩ ላይ በሚተከል ትንሽ ማሳያ ወይም በልዩ መነጽር። በጥቂቱ ለሚሰሙ ደግሞ በአዳራሹ ዙሪያ ሽቦ ይዘረጋል፤ የፊልሙ ድምፅ በመግነጢሳዊ መስክ በቀጥታ ወደ ጆሮ መሣሪያቸው ስለሚገባ የአካባቢው ጫጫታ አይረብሻቸውም።

ሱዳን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2009 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 30 ፊልምን በስም ይጠቅሳል። ችግሩ ሲኒማ ቤቶቹ ራሳቸው መዘጋታቸው ነው። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ዘርፉ ተዳከመ። በ2019 የወጣው የሱሃይብ ጋስመልባሪ ዘጋቢ ፊልም «ቶኪንግ አባውት ትሪስ» አራት አንጋፋ የፊልም ሰዎች በኦምዱርማን አንድ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ለመክፈት ሲደክሙ ያሳያል። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በአገሪቱ ጦርነት ተነሣ።

ሲኒማ ቤቶቹ ዳግም ሲከፈቱ መነጽሩና ማሳያው ውድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክፍት ጽሑፍ ግን አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። የሱዳናዊው ሞሐመድ ኮርዶፋኒ ፊልም «ጉድባይ ጁሊያ» በ2023 በካን ፌስቲቫል ሲታይ ለባዕድ ተመልካች ንግግሩ ተተርጉሞ ተጽፎለታል። ለውጭ ፌስቲቫል ይህን ያህል የሚለፋ አዘጋጅ፣ በዐረብኛ አንድ ጽሑፍ ቢጨምር ብዙም አይከብደው። ማንበብ ላልተማሩት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ለሚያነቡት ግን የጎደለው የራሳቸው ቋንቋ በራሳቸው ፊልም ግርጌ መጻፉ ብቻ ነው።